ለዝንጀሮዎቹ ስም ያወጣው ሰው

ደግነት ታላቅ ወንድሙን ቦናን በብረት የመታው በጨለለቅቱ ከተማ የገበያ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማንያ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰማንያውም ሰው እየሳቀ ነበር። ቦና ወድቆ እግሩ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ እንኳ ከኋላ አግዳሚ ያሉት ሳቃቸውን ቶሎ አላቆሙም። የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ነበር።

ደግነት በጆሲ ቪዲዮ ቤት ፊልም ተርጓሚ ነው። ፊልሙ ግድግዳ ላይ ሲሄድ እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ ይናገራል። እንግሊዝኛው ብዙ አልነበረም። ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ሕዝቡ ደግሞ የሚወደው ያንን ከራሱ የሚሞላውን ነበር። በመኪና የሚሳደደው ሌባ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ይሆናል፤ ሙሽራዪቱን ጥሎ የሚጠፋው ሰውዬ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ይሆናል። ሰው ከፊልሙ ይልቅ ዛሬ የማን ስም ይነሣል ብሎ ነው የሚመጣው። ጆሲም ይህን ስለሚያውቅ አንድ ድምፅ ማጉያ ውጭ በሩ ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ገበያተኛው ሰምቶ እንዲገባ።

ይኸው ደግነት ግን ማይክሮፎኑን ሲያስቀምጥ ሌላ ሰው ነው። ፊት ለፊት ሲያናግሩት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ቃል ከአፉ በስንት ልመና ይወጣል። በተለይ ቦና ፊት። ቦና ትከሻው የበሬ፣ ቁጣው የጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ይልና ወዲያው ይጠፋል። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ደግነት ለወንድሙ ከ“እሺ” እና ከ“ደህና ነኝ” የተረፈ ነገር ተናግሮት አያውቅም።

አባታቸው መሬቱን ያካፈላቸው በድንጋይ ነው። ከእንሰቱና ከቡናው መሀል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የጎድን አጥንት የመሰለ መስመር የተቀረጸበት የጥንት ትክል ድንጋይ አላቸው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ድንጋይ ብርቅ አይደለም፤ ማን እንዳቆመው ግን የሚናገር የለም። አባትየው ሊሞት ሲል “ከድንጋዩ በላይ ለቦና፣ ከድንጋዩ በታች ለደግነት” አለ። ተጨማሪ ቃል አላስፈለገም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረ ማግስት፣ ደግነት ማለዳ ወደ ቡናው ሲወርድ ድንጋዩ በቦታው የለም። አሥራ አራት እርምጃ ወደ ታች ተንሸራቶ፣ ሰባት የቡና ዛፍ አጉብጦ፣ በደግነት መሬት ላይ በደረቱ ተኝቷል። ደግነት ወደ ቀድሞው ጉድጓድ ወጣ። እዚያ ያየውን ለማንም አልተናገረም። በሰኔ ከወንድሙ መሬት የሚወርደው ጎርፍ ቡናውን እንዳያጥብበት ራሱ የቆፈረው ቦይ አፉ ተሰብሮ፣ ውሃው ተገልብጦ የድንጋዩን እግር በልቶታል። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ቦዩን በአፈርና በእንሰት ቅጠል ደፍኖ፣ ረግጦ፣ እጁን ታጠበ።

ያን ዕለት ረፋዱ ላይ እናቱን መሰለችን ወደ ቦና ላካት። “ድንጋዩን አንተ ነህ ወይ ያወረድከው? ብለሽ ጠይቂው” አላት።

ቦና እየበላ ነበር። እጁን ከገበታው አነሣ።

“እሱ አፍ የለውም? እናቱን ልኮ ሌባ ነህ ይለኛል? እንግዲያው አባቴ በድንጋዩ ብሏል፤ ድንጋዩ የተኛበት ድንበሬ ነው በይው።” አለና በዚያው ሳምንት የሰባቱን ዛፍ ቀይ ቡና ለቅሞ ወሰደ።

ደግነት በሩ ላይ ቆሞ ሲለቀም አየ። ተመልሶ ገባ። ነገሩን በሆዱ ይዞ ሦስት ወር ቆየ። ሰው ደግሞ የሚፈልገውን ነገር ለማመን ሦስት ወር ይበቃዋል። በሦስተኛው ወር ላይ ቦዩ ከአእምሮው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ድንጋዩን ቦና ነው ያወረደው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ጆሲ ያንን ፊልም በፍላሽ ያመጣው። ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው ያገኘው።

“ደጉ፣ ይሄ የጠፈር ፊልሞች ሁሉ አባት ነው ብለውኛል” አለው። “ከዚህ በኋላ የሠራ ሁሉ ከዚህ ነው የቀዳው አሉ። ድሮ የተሠራ ነው። ግን እይው እስቲ፣ ትላንት የተሠራ ነው የሚመስለው።”

ደግነት ከሰዓት በኋላ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን አየው። መጀመሪያ ላይ ዝንጀሮ መሳይ ፍጥረቶች ናቸው፤ በደረቅ ምድር ላይ ይራባሉ፣ ለአንዲት ኩሬ ውሃ ይጯጯሃሉ። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ በመካከላቸው ጥቁር ድንጋይ ቆሞ ያገኙታል። ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ማንም ያላቆመው። ይፈሩታል፣ ይነኩታል። ከዚያ አንደኛው አጥንት ያነሣና መምታት ይማራል። መጀመሪያ እንስሳ ይገድልበታል፤ ቀጥሎ እንደ እሱ ያለውን፣ ኩሬው ዳር፣ ወድቆም እየደጋገመ። ከዚያ ወዲያ ሰው ወደ ጨረቃ ይበራል፣ ማሽን የሚያገለግላቸውን ሰዎች ይገድላል፣ በመጨረሻም አንድ ሰው ከከዋክብት ማዶ አርጅቶ እንደገና ሕፃን ይሆናል። መጨረሻው አልገባውም። ድንጋዩ ግን ገባው። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ እየመለሰ አየው።

“ጆሲ፣ ይሄ እኮ ለረጅም ጊዜ የሚናገር የለበትም። ምን ልተርጉም? ዝንጀሮ ነው።”

“አንተ ዝም ያለ ነገር ታናግር የለ እንዴ? አናግራቸዋ!” አለ ጆሲ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ነገር ብቻ። ሰው ከዝንጀሮ መጣ እንዳትል አደራህን። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከሰሙ ይዘጉብኛል። ያንተም እናት ትሰማለች።”

“ታዲያ ምን ናቸው ልበል?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? ዝንጀሮ አይደሉም፣ አባቶቻችንም አይደሉም። የሆነ መንደር ሰዎች ናቸው በል።”

የገበያው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። መስኮቶቹ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ይግላል። ከፊት አግዳሚ ላይ ኸይረዲን ተቀምጧል፤ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልስ ነው፣ ፊልም በመጣ ቁጥር ከተርጓሚው ጋር ቀልድ የሚወራወር።

ዝንጀሮዎቹ ብቅ ሲሉ ጩኸት ተነሣ።

“አባቶቻችን ናቸው እንዳትል!” አለ አንዱ ከኋላ። “እኔ የአዳም ልጅ ነኝ!”

“አንተን እንኳ እጠራጠራለሁ፤ ፀጉርህን ተላጭ” አለው ኸይረዲን፤ አዳራሹ ሳቀ።

ደግነት ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። “እነዚህ ያንድ መንደር ሰዎች ናቸው” አለ። “ከጨለለቅቱ ወደ ላይ ያለ መንደር ነው። ይኼ ሆዱን የሚያከው ኸይረዲን ነው፤ ነዳጅ አልቆበት በእግሩ መጥቶ ነው።”

ጣሪያው በሳቅ ሊነሣ ደረሰ። ኸይረዲን ተነሥቶ እጅ ነሣ። ደግነትን ሞቀው። ለአንዷ ስም ሰጠ፣ ለሌላው ሰጠ። እያንዳንዱ ስም ሲወጣ ሰዉ “እሱ ነው! እሱ ነው!” ይላል።

ያን ጊዜ ድንጋዩ መጣ። ጥቁር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። በአገራቸው የቆመ ድንጋይ የማያውቅ የለም።

“ድንጋዩ ደግሞ የማነው?” አለ ኸይረዲን።

ደግነት ሊቀልድ ነበር ያሰበው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። “ድንጋዩ የአባቴ ነው” አለ። “ትላንት እላይ ነበር። ዛሬ አሥራ አራት እርምጃ ወርዶ ተገኘ። ማን አወረደው በሉኝ።”

ሰው ወሬውን ያውቃል። “ቦና!” ብሎ የጮኸ አንድ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ተቀበለው።

“እኔ አላልኩም፤ እናንተ ናችሁ ያላችሁት” አለ ደግነት፤ እንደገና ሳቁ። “እዩት፣ ቦና ድንጋዩን ይዳስሳል። እዩት ሲስቅ። ወንድሜን ቀማሁት ይላል። አሁን ደግሞ አጥንት አነሣ። ቦና፣ ኧረ አስቀምጥ! ይኼ ቀጭኑ ውሃ ሊጠጣ የመጣው እኔ ነኝ። ደግነት ነኝ። እናንተ ሰዎች፣ ያዙልኝ! መታኝ! ደገመኝ! ቦና ወንድሙን ገደለ! ለሰባት የቡና ዛፍ ገደለ!”

ሦስት ወር በሆዱ የተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ በማይክሮፎኑ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በበሩ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ አልፎ፣ በሽንኩርቱና በበርበሬው ላይ አልፎ፣ ገበያውን ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ሰው ሚዛኑን እንደያዘ ዞሮ ቦናን አየ።

ቦና ከቪዲዮ ቤቱ አጠገብ ካለው ሥጋ ቤት ተቀምጦ ቅቅል እየበላ ነበር።

በሩ ተበርግዶ ብርሃን አዳራሹን ሲሞላው ሁሉም ዞረ። ቦና ደፉ ላይ ቆሟል። ሲግጠው የነበረው የቅልጥም አጥንት እጁ ላይ ነው፤ ተናዶ ሲነሣ ማስቀመጡን ረስቶታል።

“አጥንቱን ይዞ መጣ!” አለ አንዱ። አዳራሹ ፈነዳ። ሰው በሳቅ ከአግዳሚው ወደቀ። ግድግዳው ላይ አጥንት የያዘ፣ በሩ ላይ አጥንት የያዘ። እንዲያ ያለ ትርጉም አይተው አያውቁም።

ቦና እጁን አየ። ያኔ ነው አጥንት መያዙን ያወቀው። ሊጥለው ይችል ነበር። ሳቁ ግን አላስጣለውም። በአግዳሚዎቹ መካከል እየረገጠ መጣ።

“ገደልኩህ?” አለ። “በሰው ሁሉ ፊት ገደልኩህ? እኔ የእናቴን ልጅ? ሞተሃል እንግዲህ፣ ሙት!”

የመጀመሪያው ምት ደግነትን ትከሻው ላይ አገኘው። ሁለተኛው አፉ ላይ። ማይክሮፎኑ ወደቀ፤ ግን አልጠፋም። የአጥንቱ ድምፅ፣ የደግነት ጩኸት፣ የቦና ትንፋሽ፣ ሁሉም በማጉያው እየወጣ ገበያው ላይ ይጮኻል። ውጭ ያሉት ፊልሙ ተሟሟቀ ብለው ወደ በሩ ይጋፋሉ። ቦና በጉልበቱ ደረቱ ላይ ወጥቶ አጥንቱን ጥሎ በቡጢ ያዘው። ደግነት የራሱን ደም ዋጠ። እጁ መሬት ሲዳስስ የማይክሮፎኑን ማቆሚያ አገኘ፤ የብረት ቱቦ ነው፣ ከታች ክብ ከባድ ብረት የተበየደበት።

ጨብጦ ሰነዘረው። ክቡ ብረት ቦናን ከግራ ጆሮው በላይ አገኘው።

ቦና “ኧ” አለ፤ አንድ ነገር የረሳ ሰው እንደሚለው። ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ደግነት ተነሣ። ሊሸሽ ይችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። ብረቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ ወድቆ በተኛው ወንድሙ ራስ ላይ እንደገና አወረደው። እንሰት ሲቆረጥ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ተሰማ። ሦስተኛውን ሊያነሣ ሲል ኸይረዲን ከኋላው አንቆ ያዘው። ከሳቁት መካከል መጀመሪያ የነቃ እሱ ነው።

“በቃ! በቃ አንተ ሰው! ጨረስከው እኮ!”

ማንም በማያየው ግድግዳ ላይ ነጭ የጠፈር መርከብ በጥቁሩ ሰማይ ላይ ቀስ ብላ ትሄድ ነበር።

ቦናን በመኪና ዲላ ሆስፒታል አደረሱት። የራስ ቅሉን ከፍተው የተሰበረውን አጥንት ለቀሙለት። ሃያ ቀን ሲሆነው ዓይኑን ገልጦ እናቱን አወቀ። ቀኝ እጁ ግን ሞቷል። ምላሱም እንደዚያው። ሊናገር አፉን ሲከፍት “ባ፣ ባ” ከሚል ድምፅ በቀር የሚወጣ የለም።

ደግነት ታሠረ። ለፖሊስ በሰጠው ቃል “ደረቴ ላይ ሆኖ ሲመታኝ ራሴን ለማዳን አንድ ጊዜ መታሁት” አለ። በር ላይ የተጋፋው ሰው ብርሃኑን ጋርዶት ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ በርግጥ አየሁ የሚል አልተገኘም። ኸይረዲን እንኳ “ቸኩዬ ነው የያዝኩት፣ አልቆጠርኩም” አለ፤ ዓይኑን ግን ከደግነት ዓይን አሸሸ። በአሥራ አንደኛው ቀን በዋስ ወጣ። አንድ ጊዜ ከሆነ ራስን መከላከል ነው፤ ሽማግሌም አስታርቆ ለፍርድ ቤት ይጽፍለታል፤ ቤቱ ይገባል። ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ ሁለተኛውም በወደቀ ሰው ላይ ከሆነ፣ እስር ቤት ነው። ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው ለይቶ ነግሮታል።

ቦና ከሆስፒታል ከተመለሰ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ነገር የሚያዩበት ሶንጎ ተጠራ። በተለመደው ሜዳ ሳይሆን ድንጋዩ ከተኛበት ቡና ውስጥ እንቀመጥ አሉ። ሀይቻ ታረቀኝ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ። ቦናን ደግፈው አመጡትና ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። ራሱ ተላጭቷል፤ ጠባሳው ከጆሮው እስከ አናቱ እንደ ቦይ ተሰምሯል። መሰለች በሁለቱ ልጆቿ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች።

“በእኛ ዘንድ የተጎዳው ሳይናገር ነገር አይታይም” አለ ሀይቻ ታረቀኝ በጌዴኦኛ። “ቦና፣ ተናገር።”

ቦና “ባ” አለ። “ባ፣ ባ።” ምራቁ በአገጩ ወረደ። እናቱ በነጠላዋ ጠረገችለት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

“ማነው የሚገባው?” አለ ሀይቻው። ዓይኑ ደግነት ላይ ሄዶ ቆመ። “አንተ በገበያ ፊት ዝንጀሮ ያናገርክ ነህ አሉ። በል ና። ወንድምህን አናግረው።”

“እኔ?” አለ ደግነት። “እኔ ተከሳሹ ነኝ እኮ፣ አባባ።”

“ለዝንጀሮው አፍ ስትሆንለት ማን ፈቀደልህ? ና ብያለሁ።”

ደግነት ተነሥቶ ከወንድሙ ፊት ተንበረከከ። ማይክሮፎን የለም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ቦና ግራ እጁን አነሣ። ከላይ ያለውን የድንጋዩን አሮጌ ጉድጓድ ጠቆመ። ከዚያ ምርኩዙን ይዞ አፈሩ ላይ መስመር አሰመረ፤ በጉድጓዱ ትይዩ አግድም የሚሄድ መስመር። ምርኩዙን ጥሎ በመዳፉ አፈር ሰበሰበና መስመሩን ደፈነው። በእግሩ ረገጠው። ከዚያ የራሱን ዓይን ነካ።

ደግነት መስመሩን አወቀው። ቦና አይቶታል። ያን ማለዳ ከላይ፣ ከእንሰቱ ውስጥ ሆኖ አይቶታል፤ ሦስት ወር ሙሉ ግን ለአንድ ሰው አልተናገረበትም።

ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። “ምን ይላል?” አለ አንዱ። “ድንጋዩን አወረድኩ ነው የሚለው?”

ደግነት የፈለገውን ሊል ይችላል። አዎ፣ አወረድኩ፣ ቀበርኩ ይላል ቢል የሚያምነው ብዙ ነው። ቦና ቢቆጣ እንኳ ቁጣው “ባ” ነው። ደግነት እናቱን አየ። እሷ እሱን ሳይሆን አፉን ነበር የምታየው።

“ከሁለታችሁ አፍ ያለው አንድ ብቻ ቀረልኝ” አለች። “ተናገርበት።”

“ድንጋዩን ያወረደው ውሃ ነው ይላል” አለ ደግነት። ድምፁ ስለቀጠነ ሽማግሌዎቹ ወደፊት አዘነበሉ። “ውሃውን ያመጣው ቦይ ነው ይላል። ቦዩን የቆፈረው ወንድሜ ነው፤ ሲደፍነውም አይቼዋለሁ ይላል። እኔን ነው የሚለው።” ትንፋሹን ሳበ። “እስኪነግረኝ ጠበቅሁት ይላል። ዝም ስላለኝ ነው ቡናውን የለቀምኩት ይላል።”

የመጨረሻውን ቦና በምልክት አላሳየውም ነበር። ግን ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ እንዲያ ነው።

“ሌላስ?” አለ ሀይቻ ታረቀኝ።

ቦና ጠባሳውን ነካ። አንድ ጣቱን አወጣ። ቀጥሎም ሌላውን ጨመረ። ሁለቱን ጣቶች በደግነት ዓይን ፊት አቆማቸው፤ ከዚያ ወደ መሬት ጠቆመ።

ደግነት የእስር ቤቱን በር በዓይነ ሕሊናው አየው። ከበስተኋላው፣ ለምስክርነት የተጠራው ኸይረዲን ሲያስል ሰማ።

“ሁለት ጊዜ ነው የመታኝ ይላል። ሁለተኛውን የመታኝ ወድቄ ሳለሁ ነው ይላል።” አለና ቆመ። ከዚያ የራሱን ጨመረ። “እውነቱን ነው። ይህን ለፍርድ ቤቱም ጻፉት።”

መሰለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቦና በድንጋዩ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ ወንድሙን ቁልቁል አየው፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣም እንባም ነበር፣ የትኛው እንደሚቀድም አይታወቅም። ከዚያ ግራ እጁን ጨብጦ፣ ባለው ጉልበት ሁሉ፣ ደግነትን አፉ ላይ መታው። ደግነት ወደ ኋላ ወደቀ። ተነሣና እንደገና ተንበረከከ። ጥርሱን ከደሙ ጋር መዳፉ ላይ ተፋው። ቦና ደገመው።

ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። ኸይረዲን ሮጦ የቦናን ክንድ ያዘ።

ደግነት ግን አፉን በእጁ ሳይከልል፣ ራሱንም ሳይደብቅ፣ ደሙ በአገጩ እየወረደ ቀና አለ።

“ልቀቀው” አለ። “ተናግሮ አልጨረሰም።”